ዲፌንስ የሌለው ማስተርስ

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ የዲፌንሷን፣ ማለትም ቴሲሷን (የመመረቂያ ጽሑፏን) በፈታኞች ፊት ያቀረበችበትን ቀን፣ ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ጥቁር ሱፍ ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ፣ ከኋላዋ ግማሹ ዘመድ ተኮልኩሏል። ለፈታኞቹ የተዘጋጀው ውሃና ኬክ ሳይቀር ጥግ ላይ ይታያል። ፎቶውን ሳልጠግበው እናቴ ደወለች። «ቆይ፣ ያንቺስ ዲፌንስ? እስካሁን አንድ ፎቶ እንኳ አላሳየሽኝም እኮ» አለችኝ።

ማስተርሴን ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዲፌንስ አልነበረኝም፤ ቴሲስም አልጻፍኩም። ይህን ለእማዬ በግልጽ ነግሬያት አላውቅም። «በኮርስ ብቻ?» ተብሎ የለፋሁበት ዲግሪ እንዳይናቅብኝ ፈርቼ ነው። በኮርስ ብቻ ስለሚያልቀው የአሜሪካ ማስተርስ ከአዲስ አበባ የሚጠይቁኝ ጓደኞቼም ስለበዙ ዛሬ እንዳለ ልጻፈው።

የተማርኩት ቨርጂኒያ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ 10 ኮርስ፣ 30 ክሬዲት፣ በቃ። ቀላል ነው የሚል ካለ አልተማረውም። አንዱ ኮርስ ላይ ራፍት የሚባለውን፣ ብዙ ኮምፒውተሮችን የሚያስማማ አልጎሪዝም ሠርተን እንድናስረክብ ታዘዝን። አምስት ሰርቨሮች (ኮምፒውተሮች) ድምፅ ሰጥተው አንድ መሪ ይመርጣሉ፤ መሪው ቢሞት ሌላ ይመርጣሉ። የእኔዎቹ ግን አልፎ አልፎ በአንድ ዙር ሁለት መሪ ያነግሡ ነበር። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። በመጨረሻ ስህተቱን ሳገኘው፣ አንዱ ሰርቨር ድምፁን ዲስክ ላይ ሳይጽፍ መልስ ይሰጣል፤ ጠፍቶ ሲነሣ ለማን እንደ መረጠ ረስቶ እንደገና ይመርጣል። ሁለት መስመር ኮድ ጨመርኩ፣ ተስተካከለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻው ሴሚስተር ፒኤችዲ ላመልክት አሰብኩ። ሦስት ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም መምህራን ስለ ተማሪዋ የሚጽፉት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ያስፈልጋል። የራፍቱን ኮርስ በኤ ስለጨረስኩ በሙሉ ልብ ወደ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ቀና ብለው አዩኝና ይቅርታ ጠይቀው፣ ማን ልበልሽ አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ ፈለጉ፤ የለሁም። እዚህ የምመዘገበው በአያቴ ስም መሆኑን አስረዳኋቸው፤ በአያቴ ስም ተገኘሁ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱና «ኤ አለሽ። ከ120 ተማሪ ጋር ኮርሴን ወስደሽ ኤ ማግኘትሽን ልጽፍልሽ እችላለሁ። ስለ አንቺ ከዚህ የበለጠ የማውቀው የለም» አሉኝ።

ክፋት አልነበረባቸውም፤ እውነታቸውን ነው። አመስግኜ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አንድም ቀን እጄን አላወጣሁም።

እኛ አገር ጎበዝ ተማሪ ማለት ዝም ብላ ጽፋ፣ አጥንታ፣ ውጤት የምታመጣ ናት። መምህር ቢሮ የሚኬደው ውጤት ሲበላሽ ነው። ደጋግሞ የሚጠይቀውን «ክፍሉን አትረብሽ» የሚሉ መምህራን አሳልፈናል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር አማካሪዬ ሁለት ቀን ከቀረሁ «ታማ ነው?» ብለው ጓደኞቼን ይጠይቁ ነበር። እዚህ መምህሩ በስሜ ጥሩኝ ይላል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ኦፊስ አወር ብሎ በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ራስሽ ካልገባሽ ግን ዓመት ብትቀሪ «የት ጠፋሽ» የሚልሽ የለም። ያን የሦስት ሌሊት ታሪክ በዚያው ሳምንት ሄጄ ብነግራቸው ኖሮ የሚጽፉት ነገር ይኖራቸው ነበር።

«ስኮላርሺፕ አለው አይደል?» ለምትሉኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። አሲስታንትሺፕ (መምህራንን እያገዙ ክፍያ የሚሸፈንበት ሥራ) ቅድሚያ የሚሰጠው ለፒኤችዲ ተማሪዎች ነው፤ የኮርስ ማስተርስ ተማሪ ከፋይ ነው። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን የዩኒቨርሲቲ ሰነድ፣ አይ-20ን፣ ለማግኘት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ማሳየት ግድ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 አልፏል፤ ቤት ሸጣችሁ ከመምጣታችሁ በፊት በዛሬው ምንዛሪ አስሉት። «ፓርኪንግ እየሠራሁ እከፍላለሁ» የምትሉ ደግሞ እባካችሁ ስሙኝ፤ በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) ያለ ተማሪ በትምህርት ወቅት የሚፈቀድለት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ያለ ፈቃድ ውጭ ብትሠሩ ስታተሳችሁ (በተማሪነት የመኖር ፈቃዳችሁ) ይበላሻል፤ የከፈላችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሥራ ለሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ጥሩ ነው። እኔ በተመረቅኩበት ጊዜ ኦፒቲ (ከምረቃ በኋላ በሙያ የመሥራት ፈቃድ) 12 ወር፣ በስቴም (በሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ደግሞ 24 ወር ተጨማሪ ነበረው። በኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ዕጣ ለአሜሪካ ማስተርስ የተለየውም 20,000 ቦታ ቴሲስ ጻፋችሁ አልጻፋችሁ ብሎ አይለይም። እኔም ዛሬ ቤት ኪራይ የምከፍለው በዚሁ ዲግሪ ነው፤ አላፍርበትም። ዕውቀቱን ብቻ ለሚፈልግ የጆርጂያ ቴክ ኦንላይን ማስተርስ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ጠቅላላ ክፍያው ከ7,000 ዶላር በታች ነበር። ቪዛ አያስገኝም፤ ቤተሰብም አያስለይም። ምርምር ለሚያልም ሰው ግን ቴሲስ ያለውን ፈልጉ። ካልተገኘም በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ መምህር በር አንኳኩ።

እሑድ ማታ ለእማዬ መልሼ ደወልኩላትና ዲፌንስ እንዳልነበረኝ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ ሥራሽን ማን አየልሽ?» አለች። ማንም አልኳት። «በይ ለእኔ ንገሪኝ።»

በእድራቸው አስመስዬ ነገርኳት። አምስት አባላት ሰብሳቢ ይመርጣሉ፤ አንዱ መርጦ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ሲነሣ መምረጡን ረስቶ ለሌላ ሰው ደግሞ ይመርጣል፤ እድሩ ሁለት ሰብሳቢ ይኖረዋል።

«ምነው፣ እጁን ሲያወጣ ወዲያው መዝገብ ላይ አይጽፉትም እንዴ?» አለችኝ።