ወታደር የነበረ ሰው ላለበት ቤት

ጎጃም ውስጥ ወታደር ያልወጣበት ቀበሌ ማግኘት ይቸግራል። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት አባላት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከ1990 እስከ 1992 ባድመና ጾረና ላይ የተዋጉት ልጅ ድረዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሱት ገና ወጣቶች ናቸው። አብዛኞቹ አርሰውና ነግደው ይኖራሉ። ሌሊት የሚባንኑ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚበረግጉ፣ ገበያ መሃል ላብ የሚያጠምቃቸው ግን ጥቂት አይደሉም። ቤተሰብ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል፣ ጎረቤት «ልክፍት ነው» ይላል፣ ሰውየው ዝም ይላል። ይህ ሕመም ነው፤ ይታከማል፤ ቤት ውስጥ የሚደረግለትም ብዙ ነገር አለ።

ከሌሊቱ ልጀምር። ምሽግ ውስጥ የከረመ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም መጠበቅን ይለምዳል። ግንባር ላይ ሕይወቱን ያተረፈለት ይኸው ልማድ ነው፤ ቤት ስለገባ ብቻ አይለቀውም። ስለዚህ የሚቃዥን ሰው እየነቀነቃችሁ አትቀስቅሱት። ሳይነቃ ሊማታ ወይም ሊያንቅ ይችላል፤ ሲነጋ ደግሞ ሚስቱን ወይም ልጁን መምታቱ ከቅዠቱ የከፋ ሐዘን ይሆንበታል። በራስጌ በኩል አትቅረቡ። ግርጌ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ባትሪውን ወደ ፊቱ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አብሩ፤ በቤት ስሙ ጥሩት፣ በማዕረጉ ወይም በግንባር ስሙ አይሁን። ያለበትን ንገሩት፦ «ቤትህ ነህ፤ ቢቸና ነህ፤ እኔ ነኝ።» ሲነቃ ምን እንዳየ አትጠይቁት። ተቀምጦ እግሩ መሬት ይንካ፤ ውኃ ይጠጣ፤ በአፍንጫው እስከ 4 እየቆጠረ አየር ያስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣ፤ 5 ደቂቃ ያህል ይበቃል። አተነፋፈሱን ቀን ቀን ልቡ ረጋ ባለበት ሰዓት ካልተለማመደው ግን ሌሊት በድንጋጤ ውስጥ አያገኘውም።

ራስጌ ላይ መሣሪያ መኖር የለበትም። እኛ ዘንድ መሣሪያ ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጥይቱ ከመሣሪያው ተለይቶ ወንድም ወይም አማች ቤት ቢቀመጥ ክብር አይጓደልም። «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ መሣሪያውም የሰብል ተባይ መርዙም በዚያው ቀን ከቤት ይውጡ፤ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ለብቻው አትተዉት።

ድምፅ ሌላው ፈተና ነው። በክረምቱ፣ ቡሄ ነሐሴ 13 እስኪደርስ፣ ጅራፍ የማይጮህበት መስክ የለም። የጅራፍ ጫፍ የሚጮኸው ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ በልጦ ስለሚወነጨፍ ነው። የክላሽ ጥይትም በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ፈጥኖ ስለሚወጣ ባጠገብ ሲያልፍ ያንኑ የመሰለ ስንጥቅ ያለ ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ ጅራፍ ሰምቶ መሬት ላይ የተደፋ ሰው ሊሳቅበት አይገባም፤ ጆሮው የሰማው የሚያውቀውን ነው።

መድኃኒቱ ግን ቤት ዘግቶ መቀመጥ አይደለም። መሸሽ ለዛሬ ያሳርፋል፣ ለነገ ፍርሃቱን ያሰፋዋል፤ መጀመሪያ ከመስኩ፣ ቀጥሎ ከገበያው፣ በመጨረሻም ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። ቀስ በቀስ መልመድ ይሻላል። በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ጅራፉን የያዘውን ልጅ እያየ ይስማ፤ እጁን ቀድሞ ማየቱ ድንጋጤውን ይቀንሰዋል። ያ ሲቀለው ይቅረብ፤ ኋላም ራሱ ያጩኸው። ዋናው ቁም ነገር የልብ ምቱ ሳይረጋ ቦታውን አለመልቀቁ ነው፤ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ከሄደ ሰውነቱ «መሸሼ አዳነኝ» ብሎ ይማራል። ሕመሙ ለጠናበት ሰው ግን ይህ ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ የሚተኮስ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ስትጠሩት የማይመልስ ከሆነም ንቀት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ፍንዳታና ተኩስ በብዛት የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ የሚሰማውን የጆሮ ክፍል ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚጠፋበት የሴትና የሕፃን ንግግር ነው። ፊት ለፊቱ ሆናችሁ በዝግታ ተናገሩ፤ መጮህ አይጠቅምም። ጆሮው ሌሊት ጭው የሚልበት ከሆነ ሬዲዮ በዝቅተኛ ድምፅ ክፈቱለት።

«ስንት ገደልክ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ካለ አስቁሙት። ያ ጥያቄ ሲመጣ ሲመጣ ሰውየው ከሰው መቀላቀሉን ይተዋል። መናገር ከፈለገ ምስጢር የሚጠብቁለት የንስሐ አባት አሉት።

አሁን ወደ አረቄው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ቅዠቱንም ያባብሰዋል። ሆኖም በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቀጥ ካደረገው አደጋ አለው፦ በሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሊያንዘፈዝፈውና ራሱን ሊያስተው፣ ከዚያም የሌለ ነገር ሊያሳየው ይችላል። ጠበል ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ መጠጡ በአንድ ቀን ይቋረጣል፣ ጾሙ ይጨመራል፣ ሲንዘፈዘፍ «ጋኔኑ ጮኸ» ይባላል። ሰው ሊሞትበት ስለሚችል መጀመሪያ ሆስፒታል ገብቶ በክትትል ያቁም፣ ከዚያ ወደ ጠበሉ ይሂድ። ጠበልና ክኒን አይጣሉም፤ ክኒኑን ጠበል ላይ ሳለም ይውሰድ፣ ይህንንም ለአጥማቂው ንገሩ።

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት ክኒኖች ለውጣቸው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥላቸው ይህን ስላልነገሩት ነው። ከተሻለውም በኋላ አንድ ዓመት ያህል ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋ ክኒን ከፋርማሲ እየገዙ ማስተኛት ሱስ ያስይዛል፣ ከአረቄ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ የሚጠጣውን መጠን ሳይደብቅ፣ ፍንዳታ አጠገቡ ደርሶ ራሱን ስቶ እንደነበር፣ በሰውነቱ የቀረ ፍንጣሪ ካለም የት እንዳለ ይናገር። ኤክስሬይ አይጎዳውም፤ ኤም አር አይ የሚባለው በማግኔት የሚሠራ ምርመራ ግን ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ከመግባቱ በፊት በኤክስሬይ መታየት አለበት።