ሜዳሊያው አለ፣ ዓመቱ የለም

ላይቤሪያ ነበርኩ። ይህን ለማስረዳት ማመልከቻ እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። እኔ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ፣ አብረውኝ የነበሩት ያውቃሉ፣ የላከኝም ያውቃል ብዬ ነበር የምኖረው። ለካ መዝገቡ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪነት ዘምቼ፣ ልንመለስ ስንል በተደረገው ሰልፍ ላይ እንደ ጓዶቼ ሁሉ ደረቴ ላይ ሜዳሊያ ተደርጎልኛል። ከሠራዊቱ ከተሰናበትኩ ቆየሁ። አሁን ጅማ ውስጥ፣ ሕርማታ ገበያ አካባቢ፣ ሚስማርና ቀለም ቆርቆሮም የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ የአገልግሎት ማስረጃ አስፈለገኝና ጠየቅኩ። ወጣልኝ። አነበብኩት። የተቀጠርኩበት አለ፣ የባድመው ጦርነት ጊዜ አለ፣ ማዕረጌ አለ፣ ከዚያ ከ1996 ዘሎ 1998 ላይ ያርፋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሽልማት በሚለው ፊት ለፊት "የለም" ተብሎ ተጽፏል።

ሜዳሊያው ብር አያመጣም። ጡረታም ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ "ተወው ባክህ፣ ምን ያደርግልሃል?" ያሉኝ ብዙ ናቸው፣ ባለቤቴም አንዷ ናት። ግን ወታደር ቤት የኖረ ሰው ባዶ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ታመህ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ማኅደርህ ውስጥ ይኖራል። ታስረህ ከሆነ ትእዛዙ ይኖራል። ምንም ከሌለ ግን አንብቦ የሚያስበው ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ሰውዬ ከድቶ ነበር። እኔ ደግሞ ከድቼ አላውቅም። ስለዚህ አልተውኩትም።

መዝገቡን ወደያዘው ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራውም፣ ጉዳዬም ገና እጃቸው ላይ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፣ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ስሜን አስገብታ ፈለገች፣ ትንሽ ቆየችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ተጽፎ ነበር፣ ግን ተሰርዟል።"

አየሁት። "ላይቤሪያ፣ 1997" ይላል። ጎኑ ላይ አስተያየት አለ፦ "የቀን ስህተት። ተልዕኮው አልነበረም።"

"ማነው ያልነበረው?"

"ተልዕኮው ጋሼ። የላይቤሪያው ተልዕኮ የተቋቋመው በ2003 ነው። እርስዎ ደግሞ በ1997 ነበርኩ ነው የሚሉት።"

"የኔ ልጅ፣ 2003 እኮ በፈረንጅ ነው። የእኔ 1997 በእኛ ነው።"

ዝም አለች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጣቷ ላይ ቆጠረች። ከዚያ "ውይ!" አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ውይ ማለቷን ወድጄላታለሁ። ግን ውይ ላይ ማኅተም አይመታም። "እኔ ማስተካከል አልችልም ጋሼ፣ የሰረዘው ክፍል ነው የሚያስተካክለው፣ ማስረጃ ይዘው ይምጡ" ተባልኩ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የጸጥታው ምክር ቤት የላይቤሪያውን ተልዕኮ በውሳኔ ቁጥር 1509 ያቋቋመው በፈረንጅ 2003 መስከረም ላይ ነው። በእኛ መስከረም 8 ቀን 1996፣ አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ መሆኑ ነው። እስከ 15 ሺህ ወታደር ተፈቀደለት። የእኛ ሻለቃ ዝዌድሩ ነበር፣ ግራንድ ጌዴ በሚባለው ክፍል፣ ወደ አይቮሪ ኮስት ድንበር በኩል፣ የቀድሞው የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት የሳሙኤል ዶ አገር። ጫካና ቀይ ጭቃ ነው። የጅማ ልጅ ዝናብ ብርቁ አይደለም፣ እኔ ግን እዚያ ዝናብ ስፈራ ራሴን አግኝቼዋለሁ። በኋላ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ያሸነፉበት ምርጫ ሲደረግ እኛ ተመልሰን ነበር፤ ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ "ያንን መንገድ እኮ እኔ ጠብቄዋለሁ" ብዬ ለሰፈር ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ይኸው ዛሬ ለማውራትም ማስረጃ ያስፈልጋል ተባልኩ።

እንግዲህ ሲመስለኝ፣ የወረቀቱ ማኅደር ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ "1997 ዓ.ም." የሚለው ዓ.ም. ሳይከተለው ገባ። ቆይቶ ሌላ ሰው መጥቶ ሲያመሳክር፣ ተልዕኮው 2003 ላይ ተጀመረ የሚል አየ፣ 1997 ከዚያ በፊት ነው አለ፣ ሰረዘ። ተንኮል አልነበረበትም። ትጉህ ሰው ነው እንዲያውም፣ ሰነፍ ቢሆን አይሰርዘውም ነበር! የሚከነክነኝ ሌላው ነው። ያ ሰው ሲሰርዝ አንድም ማስረጃ ያቅርብ አልተባለም። እኔ ግን እንዲመለስልኝ ምስክር፣ ኮፒ፣ የተረጋገጠ ኮፒ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጣ እባላለሁ። ማኅደሩ ያለው እነሱ ጋ፣ ማስረጃ የሚጠየቀው እኔ። ስለዚህ ነገር የሚያናድደኝ ይሄ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሥራ ነው።

"ሜዳሊያውን ይዘህ ሂድ" ያለኝ አለ። ይዤ ሄድኩ። ነሐስ መልክ ያለው ክብ ነገር ነው፣ ፊቱ ላይ የተባበሩት መንግሥታት አርማ፣ ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ "ለሰላም አገልግሎት" የሚል አለው። ስም ግን የለበትም። የማንም ስም አይጻፍበትም። የትኛው ተልዕኮ እንደሆነ የሚለየው ጥብጣቡ ነው፣ የጥብጣቡ ቀለም በየተልዕኮው ይለያያል። ሰውየው አገላብጦ አየውና "ይሄ የእርስዎ መሆኑን በምን እናውቃለን?" አለኝ። ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነው። ኢንተርኔት ላይ በዶላር ይሸጣል። ደግሞም የጀብዱ ሜዳሊያ አይደለም፣ አልዋሽም፦ ተልዕኮው ላይ 90 ቀን ያገለገለ ሁሉ ያገኘዋል። ልክ ስለዚህ ነው አለመኖሩ የሚገርመው። እዚያ ከነበርኩ ሜዳሊያው አለኝ፣ ሜዳሊያው ከሌለኝ እዚያ አልነበርኩም።

(የኮሪያ ዘማቾች እዚህ ላይ ይበልጡናል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ በዘማች አገሮች ቋንቋ ሲሠራ በአማርኛም ተሠርቷል። የቃኘው ሻለቃ ወታደር ሜዳሊያውን በራሱ ፊደል አንብቦታል። የእኛን ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ እሷም "ይሄን ለማለት ነው እንዴ እዚያ ድረስ የሄድከው?" አለችኝ።)

ከሜዳሊያው ጋር የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ነበር። እሱ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ። እናቴ ቤት ጅሬን መውጫው ላይ ብረት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ጣሪያው አፍስሶ፣ የቀረውን ምስጥ ጨረሰው። ጅማ ውስጥ ወረቀት ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ስም ነው። የራሴን እዚህ አልጽፍም፣ ጫላ ነው እንበል። የሠራዊቱ ማኅደር በአማርኛ ነው፣ ጫላ ይላል፣ ችግር የለም። የተባበሩት መንግሥታት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ በሲ ኤች ይጀምራል። የቀበሌ መታወቂያዬ ደግሞ በቁቤ ነው፣ ቁቤ ላይ "ጭ" የሚጻፈው በሲ ብቻ ነው፣ አናባቢውም ይደረባል። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ሦስት ሰው ነው የሚያየው። አልፈርድበትም። የአባትና የአያት ስም ሲጨመርበት ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይበዛል። ለዚህ የግድ ፍርድ ቤት ሄጄ ሦስቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን አስወስኛለሁ። ይሄኛው ከፈራሁት ቀለለ። ዳኛዋ የጅማ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ ገና ሳልጨርስ ገባት።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው፣ እዚያው ጦር ሠራዊት ገብቶ ኢራቅ ደርሶ ተመልሷል። ስልክ ደውዬ ሳማርርለት ሳቀብኝ። የእሱም የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያ ከመሰናበቻ ወረቀቱ ላይ ተዘልሎ ነበር። ዲዲ 214 ይሉታል ወረቀቱን። የተዘለለ ነገር ሲኖር ዋናውን አይነኩትም፣ ዲዲ 215 የሚባል የእርማት ወረቀት ያያይዙበታል። እሱ የዘመተበትን ትእዛዝ ኮፒ ልኮ አበቃ። ነገሩ ከከበደ ደግሞ የሠራዊቱን መዝገብ የሚያርም ቦርድ አለ፣ የሚሞላው ቅጽ ዲዲ 149 ነው፣ ስህተቱን ካወቅክበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ አመልክት ይላል፣ ብታዘገይም ለፍትሕ ሲባል ሊያልፉልህ ይችላሉ።

"እናንተ ጋማ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ይቀመጣል" አልኩት ቅናት ቢጤ ይዞኝ።

"ምን ተሟልቶ! ተቃጥሎ የለ እንዴ?" አለኝ። ለካ በ1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የመዝገብ ማዕከላቸው ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን የወታደር ማኅደር ወድሞባቸዋል። (በፈረንጅ ነው 1973፣ በእኛ 1965። ይኸው፣ እኔም እየለየሁ መጻፍ ጀመርኩ።) የደሞዝ ሰነድም ሌላም ሌላም እየለቃቀሙ ነው የሰውን አገልግሎት መልሰው የሚያቆሙት። ይህን ስሰማ ተጽናናሁ፣ ሐሳብም አገኘሁ። ዋናው ከሌለ ዙሪያውን መልቀም ነው።

ለቀምኩ። መጀመሪያ የተገኘችው ቢጫዋ የክትባት ደብተር ናት። ላይቤሪያ ያለ ቢጫ ወባ ክትባት አይገባም፣ ከመሄዳችን በፊት ሁላችንንም አሰልፈው ወግተውናል። ደብተሯ ከሜዳሊያው ጋር ሱቅ ውስጥ ስለነበረች ምስጥ አላገኛትም። ስሜ በእንግሊዝኛ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ቀኑ በፈረንጅ 2004 ነው፣ ማኅተሙ ትንሽ ፈዝዟል ግን ይነበባል። ከምስክር ወረቀት ይልቅ አንዲት መርፌ ትመሰክርልኛለች ብዬ አላሰብኩም።

ቀጥሎ አጋሮ ያለ ጓዴ ጋ ደወልኩ። አንድ ድንኳን ውስጥ ነበርን።

"ሃምሳ አለቃ፣ ዝዌድሩ አልነበርክም እያሉኝ ነው" አልኩት።

"ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ የነበረው ማን ነው?"

የእሱ የምስክር ወረቀት አለ። ፍሬም ተደርጎ ሳሎን ተሰቅሏል፣ እኔም ሰቅዬው ቢሆን ምስጥ ባላገኘው ነበር። ከግድግዳው አውርዶ ኮፒ አደረገልኝ። በዚያው ሰልፍ ላይ የተነሳነው ፎቶም አለው፣ ሰማያዊ ኮፍያ አድርገን ፀሐይ ዓይናችንን ወግቶን። መዝገቡን የያዘው ቢሮ ግን ከአንድ ሰው ኮፒ ሌላ ሁለተኛ አምጣ ብሏል።

ማመልከቻውን እዚሁ ጅማ ፍርድ ቤት አጠገብ ከሚጽፉት አንዱ ነው የጻፈልኝ። "ለአገሬ ደሜን አፍስሼ" ብሎ ጀመረ። አስቆምኩት፣ ደም አላፈሰስኩም፣ ዝናብ ነው የመታኝ። "1997 ዓ.ም. ማለት እንደ ፈረንጅ 2004 እና 2005 ስለሆነ ስረዛው እንዲነሳልኝ" ብለህ ጻፍና ጨርስ አልኩት። ቅር ብሎት ጻፈ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

አሁን ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ተመርቷል ተብሏል። "ነገ ብቅ ይበሉ" ሲሉኝ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ ጊቤን ወርዶ መውጣት እንዳለ፣ የአልጋም እንደሚከፈል አስረድቼ በስልክ እንድጠይቅ ፈቅደውልኛል። ስልኩ ይነሳል፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። ልጅቷ ድምፄን ለይታዋለች።

የዚያ ዙር ልጆች፣ ዝዌድሩ የነበራችሁ፣ የአገልግሎት ማስረጃችሁን አውጡና እዩት። ያ ትጉህ ሰውዬ የእኔን ብቻ መርጦ የሰረዘ አይመስለኝም። የምስክር ወረቀቱ ያልጠፋበት ካለ አንድ ኮፒ ይላክልኝ፣ የጎደለኝ እሷ ብቻ ናት። ስትልኩ ቀኑን እንዳለ ተዉት፣ ወደ እኛ አትቀይሩልኝ።