አራት ጣሪያ፣ ዜሮ አምፖል

ስልኩ ሲጠራ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ደቡብ ኦሞ፣ ከቀይ አፈር አለፍ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ። ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2017። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያው ጣሪያው ላይ ብቻ ነው።

"ውረዱ" አለኝ ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ። "ከአሁን በኋላ አንዲት ብሎን እንዳትነኩ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። የዶናልድ ትራምፕ አስተዳደር ጥር 12 የውጭ ልማት እርዳታን ለ90 ቀን አግዷል። እኛ ጂንካ ላይ ቃና ዘገሊላን እያከበርን ነበር፤ ማን ዜና ሰማ? የኛ ሶላር ደግሞ የሚተከለው በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት፣ በዩኤስኤአይዲ፣ ገንዘብ ነበር። ሥራ አቁሙ የሚለው ደብዳቤ ደርሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አራት ጤና ጣቢያ ነበር የተሰጠን። መጀመሪያ በአራቱም ፓነል እንሰቅላለን፣ ከዚያ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ቤት ውስጥ ወደምንጠቀመው ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ) እና ባትሪ ይዘን እንመለሳለን ብዬ ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለናፍታ ይቆጥባል። ሪፖርት ላይም "ሥራ የተጀመረባቸው" የሚለው ሳጥን ቶሎ ይሞላል፤ አለቆች ደስ ይላቸዋል። ጣቢያ በጣቢያ እየጨረስን ብንሄድ ኖሮ ያን ቀን ቢያንስ ሁለቱ በርተው ነበር። አሁን አራት ጣሪያ ፓነል ተሸክሟል፣ አንድም አምፖል አልበራም። ባትሪዎቹ አዲስ አበባ መጋዘን ናቸው።

ሌላም ጣጣ አለ። ፓነል ማጥፊያ የለውም፤ ፀሐይ ካየ ያመነጫል። ሦስት ፓነል በተከታታይ ካያያዝክ ከ100 ቮልት በላይ ነው። ገመዱ ደግሞ ከጣሪያው ወርዶ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ ተንጠልጥሏል። "አትንኩ" ተብያለሁ። ነካሁ። ማገናኛዎቹን ነቅዬ፣ ጫፎቹን በቴፕ ጠቅልዬ፣ ገመዱን ወደ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ሾፌራችንን ለምኜ የቀሩት ሦስት ጤና ጣቢያዎችም ጋ ዞርን። ሁለት ቀን ፈጀብን።

"ናፍታው ከደሞዝህ ይቆረጣል!" ብሎ ጮኸብኝ ሥራ አስኪያጁ። ከአንድ ወር በኋላ ደሞዙ ራሱ ተቆረጠ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ለሲስተር መንገር ነው። አዋላጅ ነች። ሌሊት ምጥ ሲመጣ አስታማሚ ስልክ ይዞ ያበራላታል። በሁለት ሳምንት ይበራል ብያት ነበር።

"ለ90 ቀን ነው የቆመው" አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። "ታዲያ ልክ ፋሲካ ዕለት ይሞላል። እንጠብቃለና፣ ኢንጂነር።"

ኢንጂነር አይደለሁም፤ ቴክኒሻን ነኝ። መሰላል የያዘ ሁሉ እዚያ ኢንጂነር ነው። ያን ቀን ግን ማረሙ አሳፈረኝ።

ፋሲካን መጠበቅ አላስፈለገም። ጾሙ ሳይጋመስ፣ መጋቢት 1፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙን አስታወቀ። የኛም አብሮ ሄደ። ኦባማ በ2005 የጀመረው፣ አፍሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለማስፋፋት የታሰበው ፓወር አፍሪካም በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ሰኔ 24 ዩኤስኤአይዲ ራሱ በይፋ ሥራ አቆመ።

ከቡድናችን አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አንዱ መርካቶ ሞባይል ይጠግናል፤ እጁ ጎበዝ ነው፣ ይሻለዋል። የቀን ሠራተኞቹ ምን እንደሆኑ አላውቅም። ውል እንኳን አልነበራቸውም፤ ከደብዳቤው ማግስት ጀምሮ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ባትሪዎቹን አንዳንዴ አስባቸዋለሁ። ጄል ባትሪ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ይወርዳል፤ ወርዶ ከቆየ ደግሞ መልሶ አይነሳም። ቻርጅ የሚያደርጋቸው ሰው ደግሞ ከኛው ጋር ተሰናብቷል።

አሁን የግል ድርጅት ውስጥ የመስኖ ሶላር ፓምፕ እተክላለሁ። አንዱ ጉድጓድ ውሃ ሳይተፋ ሁለተኛው ጋ መሰላል አላቆምም። አዲሱ አለቃዬ ይነጫነጫል። መኪናው በየሳምንቱ ለምን ይመላለሳል? ባለፈው ደግሞ "ናፍታው ከደሞዝህ ይቆረጥ?" አለኝ።

"ይቆረጥ" አልኩት። እስካሁን አልቆረጠም።