ከደሴ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱና የሚፈጀው ሰዓት

ከደሴ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው የሐረጎን ቁልቁለት በመውረድ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ስለሆነ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ አለ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በታች ይፈጃል፤ የጫኑ ከባድ መኪኖች ከፊት ከተደረደሩ ግን ኩርባው መቅደም ስለማያስችል ከኋላቸው መጎተት ነው። እኔ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሜ ከደሴ እወጣለሁ።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማበር የሚዞረው የመኪና መንገድ ግን ወደ 380 ይደርሳል። ክረምት ላይ ደመና ሲወርድ በረራው ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ስለሚችል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀድሞ ገብቶ አዲስ አበባ ማደር ይሻላል። ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት መቁረጥም ይበጃል፤ ለየብቻ ከተቆረጡ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ኪሳራው የተሳፋሪው ነው።

ከቦሌ ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሄዱ መንገድ ላይ ታርፎ ነዳጅ ይቀዳል፣ ሲመለሱ አይታረፍም። ምክንያቱ የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል፤ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ጭነትና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ተይዞ አይነሳም። ስለዚህ ነዳጁ ተቀንሶ በመንገድ ይሞላል፤ በተለያዩ ዓመታት ሮምና ደብሊን ለዚህ አገልግለዋል። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፣ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት መሄጃው ከእረፍቱ ጋር 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲፈጅ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ነው።

ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ እኛ ሰኞ ሌሊት 6:30 የምንለው ነው። ሰኞ ማታ 3:30 ቦሌ መገኘት የነበረበት ሰው ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየገፋ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። ትኬቱን በእጅ ይዞ ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ እኛ መልሶ ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ለመመለሻው ደግሞ፣ የሰዓት ልዩነቱ በእነሱ በጋ (በሙቀቱ ወራት) 7፣ በእነሱ ክረምት (በብርዱ ወራት) 8 ነው። በበጋቸው ከዋሽንግተን ረፋድ 5 ሰዓት የተነሳ በኢትዮጵያ ምሽት 12 ላይ ተነሳ ማለት ነው፤ 13 ሰዓት በርሮ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። ኢሚግሬሽኑ፣ ሻንጣው፣ የአገር ውስጥ ፍተሻው ጊዜ ስለሚበላ የኮምቦልቻውን በረራ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ መያዝ ነው።