ትንሿ ውሻ ቺፕ ያስፈልጋታል?

ሦስት ኪሎ የማትሞላ ውሻ በአጥር ቀዳዳ ሾልካ ትወጣለች። ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ ደንግጣ ከሮጠች ደግሞ የት እንደገባች ማወቅ ይቸግራል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ትንሽ ውሻ የሚያሳድግ ሰው «ቺፕ ላስገባላት ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱን የሚወስነው ውሻዋ እዚሁ ትኖራለች ወይስ ከእናንተ ጋር ወደ ውጭ ትሄዳለች የሚለው ነው።

ቺፑ ከቆዳዋ ሥር የሚገባ፣ 12 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ብልቃጥ ነው። ባትሪ የለውም። ማንበቢያ መሣሪያ ሲጠጋው 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። ያለችበትን ቦታ የሚጠቁም ጂፒኤስ ስላልሆነ የጠፋች ውሻ በስልክ አይፈለግበትም። ስማችሁና ስልካችሁ የሚገኘው ቁጥሩ በተመዘገበበት መዝገብ እንጂ ቺፑ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሳታስገቡ በፊት የት እንደሚመዘገብ ጠይቁ፤ ስልክ ስትቀይሩም አሳውቁ።

እዚሁ ጎጃም ለምትኖር ውሻ ከቺፕ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ስልክ ያለበት የአንገት ማሰሪያ። መንገድ ላይ የሚያገኛት የባጃጅ ሹፌር ማንበቢያ የለውም፤ ስልክ ግን በኪሱ አለ። ማኅተም ቀራጭ ዘንድ ሄዳችሁ በቀጭን ብረት ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር አስቀርጹ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ክረምቱን አይሻገርም። ማሰሪያው አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፤ ከላላ በጭንቅላቷ ይወልቃል። ማሰሪያ ሊበጠስ፣ ሰውም ፈትቶ ሊጥለው ይችላል፤ የቺፕ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። «የእኔ ናት» የሚል ክርክር ሲነሳ በክትባት ካርዷ ላይ የሰፈረው ቁጥር ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በአቅራቢያችሁ ማንበቢያ ያለው ክሊኒክ ከሌለ ግን ገንዘቡ ለክትባቱ ቢውል ይሻላል።

ወደ ውጭ የምትሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚቀበሉት ቺፑ በገባበት ዕለት ወይም ከዚያ በኋላ የተሰጠን የእብድ ውሻ ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ከቀደመ የተከተበችው ይህችው ውሻ ስለመሆኗ ማረጋገጫ ስለሌለ እንደገና መከተብ ግድ ይላል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻዋ የምትከተበው 12 ሳምንት ከሞላት በኋላ ነው። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሟ ይቀዳና ኅብረቱ ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ክትባቱ በደሟ ውስጥ የፈጠረው የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ከዚያ ደም ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። ባጠቃላይ ከአራት ወር በታች አያልቅም። አሜሪካም ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቺፕ እንዲኖረውና ስድስት ወር እንዲሞላው ትጠይቃለች።

ካርዱ ላይ ያሉት ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ። በእኛ አቆጣጠር ከተጻፉ ባለፈው ወር የተሰጠ ክትባት የሰባት ስምንት ዓመት አሮጌ መስሎ ይታያል።

ቺፑ አይኤስኦ 11784 እና 11785 የሚል (የዓለም አቀፍ ደረጃ መለያ ቁጥሮች ናቸው)፣ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ይሁን። ለደቃቃ ውሻ 8 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አለ፤ መርፌውም ቀጠን ይላል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ድሮ የገባ ቺፕ እንዳይኖር ውሻዋን በማንበቢያው ይፈትሻል፤ አዲሱንም ከነማሸጊያው አንብቦ ከተለጣፊው ቁጥር ጋር ያመሳክራል። ከዚያ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ቆዳዋን በጣቶቹ ቆንጥጦ ያነሳና መርፌውን ከቆዳው ሥር አጋድሞ ያስገባል። የትንሽ ውሻ ቆዳ ስስ ነው፤ መርፌው በወዲያኛው በኩል ከበሳ ቺፑ ጸጉሯ ውስጥ ይቀራል። ከተወራጨችና መርፌው ቁልቁል ከሄደ ደግሞ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ አከርካሪዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንድ ሰው ደረቷንና አንገቷን አጥብቆ ይያዝላት። የምታስመክኗት ከሆነ በማደንዘዣ እንደተኛች ቢገባ ከሁሉ ይሻላል። መርፌው ሲወጣ ቀዳዳው በጣት ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዝ፤ አለዚያ ቺፑ በገባበት ሊመለስ ይችላል። ወዲያውኑም እንደገና ይነበብ።

ለጥቂት ቀናት አትጠቧት፣ ቦታውንም አትሹት። መግል ከያዘ ወይም እብጠቱ ከጨመረ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ካንሰር ያመጣል የሚለው ስጋት መነሻ ቢኖረውም በውሾች ላይ የታየው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ቺፑ ወደ ትከሻ ወይም ወደ ክርን ሊንሸራተት ስለሚችል በየዓመቱ ለክትባት ስትሄዱ አስነብቡት። ብረት ያለበትን ማሰሪያ አውልቃችሁ መሣሪያው ከአንገቷ እስከ ሁለቱ ክርኖቿ ቀስ ተብሎ ይዙር። ጉዞ ካለ በክትባት ካርዱ፣ በደም ምርመራው ውጤትና በጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ ያሉትን 15 አሃዞች አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ አንዷ ብትሳሳት ውሻዋ ኤርፖርት ላይ ልትያዝ ትችላለች።