ፕሮዳክት ማናጀር ከማሠልጠናችሁ በፊት ደብዳቤውን አስፈርሙ

ሥራውን ስጀምር ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሰው ልጻፈው። ደብዳቤው ፕሮዳክት ማናጀሩ ምን ምን በራሱ እንደሚወስን የሚገልጽ፣ ኃላፊዎቹ የሚፈርሙበት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የሞባይል አገልግሎቱን በአጃይል፣ ማለትም በአጭር በአጭር ዙር እየሠሩና እያሳዩ በማስተካከል ዘዴ፣ ሊሠራ ወሰነ። ዴቨሎፐሮቹ ነበሩ። የጎደለው ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚቀድም የሚወስን ሰው ነው። ከቅርንጫፍና ከብድር ክፍል ጎበዝ ጎበዝ ሠራተኞች ተመረጡ፤ ፕሮዳክት ማናጀር አድርጌ እንዳሠለጥናቸው ተነገረኝ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። የ2001ዱን የአጃይል ማኒፌስቶ አብረን አነበብን፤ አራት እሴትና 12 መርሕ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ስክረም የሚባለውን የአጃይል አሠራር መመሪያ እያንዳንዱ ራሱ ያንብበው፤ የ2020ው እትም አጭር ነው፣ ስላይድ አይፈልግም። ጂራ በሚባለው የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ላይ ባክሎግ (የሚሠሩ ነገሮችን ዝርዝር) መደርደር እየሠሩ የሚለመድ ነገር ነው። ዩዘር ስቶሪ፣ ማለትም ተጠቃሚው ምን እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልገው በአጭሩ፣ መጻፍ ትንሽ ያስቸግራል። ቢሮ የኖረ ሰው «ሲስተሙ ሪፖርት ማውጣት ይኖርበታል» ብሎ ይጽፋል። ለማን? ምን ሊያደርግበት? እነዚህን ሁለቱን ሳትሰለቹ ጠይቁ።

ሰርተፍኬቱን በኋላ አድርጉት። ብዙ መሥሪያ ቤት ስልጠና ሲባል መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ስክረም ዶት ኦርግ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና 80 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ ለማለፍ 85 በመቶ ይጠይቃል። በደንብ ያጠና ሰው አንድም ደንበኛ ሳያነጋግር ሊያልፈው ይችላል። እኔ ሠልጣኞቼን መጀመሪያ የላክኋቸው ቅርንጫፍ ነው። እዚያው የሠሩ ሰዎችም ነበሩባቸው። ግን መስኮቱ ኋላ ሆኖ ማገልገልና ወረፋው መሀል ቆሞ ሰው ስልኩን እንዴት እንደሚያነብ ማየት በጣም ይለያያል።

ከዚያ የተመለሰችው አንዷ ሠልጣኝ ያመጣችው ነገር አሁንም ያኮራኛል። የክፍያ ማስታወሻው መልእክት በጣም ረጅም መሆኑን አየች። ደንበኞች ቀኑና ብሩ የቱ ጋ እንዳለ ስለሚጠፋባቸው ስልካቸውን ለጥበቃው ሰጥተው ያስነብባሉ። ወደ ቢሮ መጥታ ዴቨሎፐሮቹን ጠየቀች። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍልም እንደ አንድ መልእክት ይከፈልበታል። እሷ እንዲህ አሳጠረችው፦ «ጥር 15 የሚከፈል 1,200 ብር አለብዎት። በቅርንጫፍ ወይም በስልክ ይክፈሉ።» አለቀ። ቀኑ በእኛው አቆጣጠር፣ ዋጋው የአንድ መልእክት። ቅርንጫፍ ወስዳ ለደንበኞች አሳየችው፤ ማንንም ሳይጠይቁ አነበቡት። በስፕሪንቱ (በአንዱ አጭር የሥራ ዙር) ውስጥ ተሠርቶ አለቀ።

ከዚያ የስፕሪንቱ ማብቂያ ስብሰባ፣ ሪቪው፣ መጣ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

የስክረም መመሪያው ሪቪው አብሮ የሚሠራበት ስብሰባ ነው ይላል፤ የተሠራውን አይቶ ቀጥሎ ምን ይሁን ብሎ መነጋገር። የተቋሙ ኃላፊዎች ግን እንደ ኮሚቴ መጡ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ይዘው መጡ። ልጅቷ ገና ማሳየት ስትጀምር ከኃላፊዎቹ አንዱ አቋረጣት።

«ይህን ማን ወሰነ?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ኮሚቴው ሳያየው?»

ስለ ወረፋው፣ ስለ ጥበቃው፣ ስለ 70 ፊደሉ ልታስረዳ ሞከረች። አልሰሟትም። አንዱ «ውድ ደንበኛችን» ይጨመር አለ። ሌላው የተቋሙ ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ መፈክሩ። ሌላው ደግሞ ቀኑ በፈረንጅም ይጻፍ አለ። ሁሉም ተመዘገበ። መልእክቱ ሦስት ክፍል ሆነ፤ ወጪውም ሦስት እጥፍ። ስልኩን ይዞ ወደ ጥበቃው የሚሄደው ደንበኛ ግን ከስብሰባው ውስጥ አንድም ጊዜ ስሙ አልተነሳም።

ይህን ስጽፍ እንኳ ያበግነኛል። የመልእክቱ መርዘም ብቻ ቢሆን በሚቀጥለው ስፕሪንት ይታረም ነበር። ዴቨሎፐሮቹ እዚያው ተቀምጠው እያዩ ነበር። የልጅቷ ውሳኔ እንደማይጸና ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሲኖራቸው እሷን ዘለው በቀጥታ ወደ ኃላፊው መሄድ ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፤ ሁለት ጊዜ መሥራት ማን ይፈልጋል? ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው፣ መስክ ላይ ነው። ሥራው መልስ እየጠበቀ ይቆማል። እሷ ባክሎግ የምታስተካክል ጸሐፊ ሆነች። ሌሎቹም ሠልጣኞች ያንን አይተው ትንሹን ነገር ሁሉ «የበላይ አካል ይወስን» ማለት ጀመሩ። ያስተማርኳቸው ሁሉ በዚያ አንድ ስብሰባ ፈረሰ።

ኃላፊዎቹን ቢሯቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው። የስክረም መመሪያው ይህ ኃላፊነት (መመሪያው ፕሮዳክት ኦውነር የሚለው) የአንድ ሰው እንጂ የኮሚቴ አይደለም ይላል፤ ድርጅቱም ውሳኔውን ማክበር አለበት ይላል። አሳየኋቸው። «የእኛ አገር ሁኔታ ይለያል» አሉኝ። በዚህ መልስ ስንት ጥሩ ሐሳብ ተቀብሯል! እንዲያውም እኛ አገር ይሉኝታው ስላለ ወጣት ሠራተኛ አለቃውን ተጋፍቶ አይከራከርም፤ ስለዚህ ሥልጣኑ በጽሑፍ መኖሩ የበለጠ ያስፈልጋል። ደብዳቤው በመጨረሻ ተጻፈ። አጭሩ መልእክትም ተመለሰ። ልጅቷ ግን ከዚያ በፊት ሥራ ለቃ ነበር። ተቋሙ ያጣው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እስካሁን የገባው አይመስለኝም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጀማሪ ፕሮዳክት ማናጀር የመጀመሪያዎቹን ሪቪዎች ያለ ትልልቅ ኃላፊዎች ያድርግ። ከቅርንጫፍ ሠራተኛና ከተገኘ ደንበኛ ጋር ይለማመድ። መመሪያው እንደዚህ አይልም፤ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም። የጠዋቱ የ15 ደቂቃ ስብሰባ የዴቨሎፐሮቹ ነው ቢባልም ጀማሪው ይገኝ፣ ዝም ብሎ ያዳምጥ። ሥራ የት ጋ እንደሚያዝ የሚገባው እዚያ ነው። እምቢ ማለትንም እናለማምዳለን። እኔ አለቃ ሆኜ እጫናለሁ፤ ሠልጣኙ «እሺ፣ ይግባ። ግን ከዚህ ስፕሪንት የትኛው ይውጣ?» ብሎ ይመልሳል። ማንንም ሳያስቀይም ምርጫውን መልሶ ለጠያቂው ይሰጣል። አፉ እስኪለምደው ይደጋግመው።

ደብዳቤው ደግሞ ስልጠናው ሳይጀመር ይፈረም። ኃላፊዎቹ የሚሰጉበት እውነተኛ ምክንያት አለ፤ የብድር ወለድ፣ የብድር ጣሪያ፣ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚነካ ነገር በአንድ ሠራተኛ አይወሰንም። እነዚህ በስም ተዘርዝረው ለኮሚቴው ይተዉ። የቀረው ሁሉ፣ ማለትም የመልእክት አጻጻፍ፣ የስክሪን ቅደም ተከተል፣ በስፕሪንቱ ምን ይቅደም የሚለው፣ የፕሮዳክት ማናጀሩ ነው ተብሎ ይጻፍ። ኮሚቴው መልስ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብም ይኑረው። ግልባጩ ለዴቨሎፐሮቹ ይድረስ፤ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ።