ቆሎው ለአራት ነበር

ዛሬ አንድ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ አስመረቅን። ዘመዴ አይደለም። ከዋድላ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ አራት ጓደኛሞች ሆነን በየወሩ እያዋጣን የኪስ ገንዘብ እንልክለት ነበር።

ሰው «መንግሥት ያበላቸው የለ እንዴ፣ ምን ጎደለባቸው?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ምግቡም ዶርሙም አለ። ያው በወጪ መጋራት ነው፣ ፈርመህ ትገባለህ፣ ሥራ ስትይዝ ከደመወዝህ ይቆረጣል። ግን ሳሙናውን፣ ኮፒውን፣ ለእረፍት አገር ቤት መመለሻውን ማን ይከፍላል? የኛ ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮው ሞልቶ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ነበር። ውጤቱ አሪፍ ነበር እኮ! እናቱ ታመው አንዱ በሬ ሲሸጥ ነው «ገብቼ አባቴን ላግዝ» ያለው። ያኔ ያዋጣናት ገንዘብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ለማኪያቶ የማወጣትን አታህልም።

አባትየው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሁለት ቀን ተጉዘው መጥተዋል። ፎቶ ስንነሳ ጋዋኑን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ በፌስታል የቋጠሩትን የሽምብራ ቆሎ ሰጡኝና «ለአራት ተካፈሉት» አሉኝ።

ታክሲ ውስጥ ግማሹን ጨረስኩት። ሦስታችሁ፣ ይቅርታ።